«ውርጭ» ስንት ጊዜ ተባለ? የአማርኛ ቃለ መጠይቅን በኮምፒውተር ቆጥሮ የመተንተን ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በየዓመቱ ከአንድ ዓይነት ስሕተት ጋር ስለምገናኝ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያደርሱ ተማሪዎችና ለወረዳ ጥናት የሚሠሩ ባለሙያዎች ፋይላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመንዝም ከጅሩም ከአንኮበርም አርሶ አደር አነጋግረው፣ የተባለውን ሁሉ ጽፈው፣ ኮምፒውተሩን «ቁጠርልኝ» ብለውታል። ኮምፒውተሩም ቆጥሯል። ውጤቱ ሲታይ ግን «ታኅሣሥ»፣ «ታህሳስ»፣ «ታሕሳስ» እና «ታህሣሥ» አራት ልዩ ልዩ ወሮች ሆነዋል። «ሞረትና ጅሩ» የሚባለው ወረዳ ለሁለት ተገምሷል። ጠያቂው ራሱ የተናገረው ቃል ከአርሶ አደሩ ቃል ጋር ተደምሯል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። እርሱ የሚያውቀው ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው። «ሀ» 4608 ነው፣ «ሐ» 4624 ነው፤ ለእኛ አንድ ድምፅ መሆናቸው እርሱን አያገባውም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ከመቁጠር በፊት ያለው ነው። መቁጠሩ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው፤ ማሰናዳቱ ሳምንት ይፈጃል። ሳምንቱን የሚሰስት ሰው ወሩን ይከፍላል።

ምሳሌዬ አንድ ብቻ ነው፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች ውርጭ በገብስና በባቄላ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከአርሶ አደሮች የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ። የእናንተ ጉዳይ የውኃ እጥረት ወይም የገበያ ዋጋ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ ኤክሴል ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉት ሳይሟሉ አትጀምሩ።

- ኤክሴል 2016 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ። የቆየ ከሆነ በደረጃ 6 ላይ ያለውን ሁለተኛ መንገድ ተጠቀሙ።
- በዩኒኮድ፣ ማለት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የተጻፈ ጽሑፍ። ለማረጋገጥ አንድ አንቀጽ ምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ ሌላ የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት ለውጡ። ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደኅና ነው። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከተለወጠ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ካላገኛችሁለት እንደገና ማስጻፍ ይሻላል።
- ሁለት ፍላሽ። አንዱ በቦርሳ፣ አንዱ በቤት። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል።
- አንድ የወረቀት ደብተር። የወሰናችሁትን ሁሉ የምትጽፉበት ነው። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ይረሳል።

ደረጃ 1፦ ጥሬውን ቆልፉ

ከመጀመሪያው ፋይል ቅጂ አውጡና ዋናውን «ጥሬ» በሉት። ከዚያም በዋናው ላይ «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን ምልክት አድርጉበትና አትንኩት። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ በቅጂው ላይ ነው።

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ይዘለዋል። ፊደል ስታስተካክሉ የጠፋ ልዩነት አይመለስም። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ «ሠ»ን በ«ሰ» ከተካችሁ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማሽኑ ሊነግራችሁ አይችልም።

የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ካለ በቅጂው ላይ አሁኑኑ አውጡና በመለያ ቁጥር ተኩ፤ ለምሳሌ «መማ07» ማለት ከመንዝ ማማ ሰባተኛው ተናጋሪ። የስምና የመለያ ማዛመጃው በሌላ ፋይል፣ በሌላ ፍላሽ ይቀመጥ።

ደረጃ 2፦ ሠንጠረዡን አቁሙ

አዲስ የኤክሴል ገጽ ክፈቱና እነዚህን ዓምዶች ስጡ፦ መለያ፣ ወረዳ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ጥያቄ፣ መልስ።

አንድ ረድፍ ማለት አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው። ሙሉውን ቃለ መጠይቅ በአንድ ሕዋስ (ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበት ሳጥን) አትክተቱት። አንድ ሕዋስ ከ32,767 ፊደል በላይ አይዝም፤ የተረፈው በጸጥታ ይቆረጣል።

ጥያቄና መልስን መለየት ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ሁለቱን አንድ ላይ ቆጥሬ «ውርጭ» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ ሆኖ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳነበው ጠያቂዎቻችን «ውርጭ ጎድቶዎት ያውቃል?» እያሉ በየቤቱ የጠየቁት ነበር። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች «አዎን ልጄ» ብቻ ነው ያሉት። ቃሉን ያመጣነው እኛ ነን።

ማስጠንቀቂያ፦ መልስ በሰረዝ አይጀምር። ኤክሴል በሰረዝ የሚጀምረውን ነገር የሒሳብ ቀመር ነው ብሎ ያስብና ስሕተት ያሳያል። የደረሰባችሁ እንደሆነ ዓምዱን መጀመሪያ ወደ «ቴክስት» ቀይሩና እንደገና ለጥፉ።

ደረጃ 3፦ ዘመኑን ከኮምፒውተሩ አስጥሉ

ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የሚያውቅ መስሎ ሲታይ ነው የሚያጠፋችሁ። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር በፊት እንዲያነብ ከተዘጋጀ፣ 28/2/2015 ብላችሁ ጥቅምት 28ን ስታስገቡ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አድርጎ ይቀበላል፤ 30/2/2015 ስትሉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት ውርጭ የሚጀምርበት ወር ነውና የጥናቱ ዋና ወር በአንድ ዓምድ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። 5/13/2015 ብሎ ጳጉሜን 5ን የጻፈ ሰውም ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቆጣጠር ከተዘጋጀ «ሜይ 13» ሆኖ ያገኘዋል።

ስለዚህ፦

1. ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች፣ በተራ ቁጥር ጻፉ።
2. አራተኛ ዓምድ ጨምሩና ዓመቱን በ10000፣ ወሩን በ100 አባዝታችሁ ከቀኑ ጋር ደምሩ። ጥቅምት 30 ቀን 2015 ማለት 20150230 ይሆናል። በዚህ ቁጥር ስትደረድሩ ጳጉሜንም በቦታዋ ትውላለች።
3. በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማወቅ ይህን ቁጥር አትቀንሱ። እርሱ ለመደርደር ብቻ ነው።

ጳጉሜን 6 ያገኛችሁበትን ረድፍ ስሕተት ነው ብላችሁ አትሰርዙ፤ በ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት። ሰዓት ካለም «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡት፤ በሰዓት ቅርጽ ካስገባችሁት አንባቢው የፈረንጅ ይሁን የእኛ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ የቦታ ስሞችንና ምሕጻረ ቃላትን አስቀድማችሁ እሰሩ

ይህ ደረጃ ከሥርዓተ ነጥብ በፊት መምጣት አለበት። ነጥቡንና ሰረዙን አስቀድማችሁ ከደመሰሳችሁ «ት/ቤት» ተበትኖ «ት» እና «ቤት» ይሆናል፤ «ዓ.ም.»ም እንዲሁ።

በሌላ ገጽ ላይ ባለ ሁለት ዓምድ ዝርዝር አዘጋጁ፤ በግራ የተገኘው አጻጻፍ፣ በቀኝ የሚተካው። ሁለት ቃል የሆነውን ከታች በሚሰመር ሰረዝ እሰሩት።

- ደብረ ብርሃን፣ ደብረብርሀን፣ ደብረ-ብርሃን፣ ደ/ብርሃን → ደብረ_ብርሃን
- መሐል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ፣ መኻል ሜዳ → መሐል_ሜዳ
- ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋሮቢት → ሸዋ_ሮቢት
- ት/ቤት → ትምህርት_ቤት

በሰሜን ሸዋ የምትሠሩ ከሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ስጡ። ወረዳዎቻችን «ና»ን ይወዳሉ፦ ሞረትና ጅሩ፣ ሲያደብርና ዋዩ፣ ኤፍራታና ግድም፣ አንጎለላና ጠራ፣ ሞጃና ወደራ። ካልታሰሩ ማሽኑ «ሞረትና» የሚባል ቃልና «ጅሩ» የሚባል ቃል ያገኛል። ባሶና ወራና ደግሞ ሁለቱም ቃሎቹ በ«ና» ስለሚያልቁ «ና»ን ቁረጥ የሚል ሕግ ካወጣችሁ «ባሶ ወራ» ሆኖ ያርፋል። ሁሉንም እሰሩ፦ ሞረትና_ጅሩ፣ ባሶና_ወራና።

ለመተካት «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» የሚለውን ክፈቱ። ረጅሙን አጻጻፍ ከአጭሩ በፊት ተኩ፤ ያለዚያ አጭሩ የረጅሙን ሆድ ይበላውና የቀረው ጎዶሎ ይሆናል። በእያንዳንዱ ምትክ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን «ይህን ያህል ተተክቷል» የሚል ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ። ከጠበቃችሁት እጅግ ከበለጠ ወዲያው መልሱትና ምን እንደነካ ተመልከቱ።

ደረጃ 5፦ ሥርዓተ ነጥብ፣ ከዚያም ፊደል

ሀ. ሥርዓተ ነጥብ

አራት ነጥብ የሚመስል ሁሉ አራት ነጥብ አይደለም። ትክክለኛው «።» አንድ ፊደል ነው፤ ቁጥሩ 4962። ብዙ ጸሐፊ ግን ሁለት ነጥብን (4961) ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሌላው ከላቲን ሰሌዳ ላይ ያለውን ነጥብ ይደጋግማል። በዓይን አይለዩም። ሦስቱንም፣ ከዚያም ነጠላ ሰረዝን፣ ድርብ ሰረዝን፣ የጥያቄ ምልክትን፣ ትእምርተ ጥቅስንና ቅንፍን በአንድ ባዶ ቦታ ተኩ። በባዶ ቦታ እንጂ በምንም አትተኩ፤ ያለዚያ «መጣ።ከዚያ» የሚለው «መጣከዚያ» ይሆናል።

የጥያቄ ምልክትና ኮከብ ስትፈልጉ ከፊታቸው የሞገድ ምልክት «~» አድርጉ። ኤክሴል ብቻቸውን ሲያገኛቸው «ማንኛውም ፊደል» ብሎ ይተረጉማቸዋል፤ ያን ጊዜ መልሳችሁ በሙሉ ይጠረጋል። ይህን ያደረገች አንዲት ተማሪ አውቃለሁ፤ ጥሬው ፋይል ባይኖራት ኖሮ የሦስት ወር የመስክ ሥራዋ በአንድ ጣት ይሄድ ነበር።

በመጨረሻ «ትሪም» የሚለውን ቀመር በአዲስ ዓምድ ተጠቀሙ፤ ድርብ ባዶ ቦታዎችን ወደ አንድ ይመልሳል።

ለ. ፊደል

አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መልክ አምጡ። ምትኮቹ 44 ናቸው፦

ወደ ሀ፦ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ኻ
ወደ ሁ፦ ሑ ኁ ኹ
ወደ ሂ፦ ሒ ኂ ኺ
ወደ ሄ፦ ሔ ኄ ኼ
ወደ ህ፦ ሕ ኅ ኽ
ወደ ሆ፦ ሖ ኆ ኾ
ወደ ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ ሶ ሷ በተራቸው፦ ሠ ሡ ሢ ሣ ሤ ሥ ሦ ሧ
ወደ አ፦ ኣ ዐ ዓ
ወደ ኡ ኢ ኤ እ ኦ በተራቸው፦ ዑ ዒ ዔ ዕ ዖ
ወደ ጸ ጹ ጺ ጻ ጼ ጽ ጾ በተራቸው፦ ፀ ፁ ፂ ፃ ፄ ፅ ፆ

ግዕዙን «ኸ» አልነካሁትም፤ ድምፁ ከ«ሀ» ይለያል። «በረኸት» ወረዳን የሚመለከቱ ልዩ ልዩ አጻጻፎችን በደረጃ 4 ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።

44ቱን በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» አንድ በአንድ መሥራት ይቻላል፤ ግን ከሃያው በኋላ ሰው ይሳሳታል። የሚሻለው «ሰብስቲቲዩት» የሚባለው ቀመር ነው። አራት አዳዲስ ዓምዶች ክፈቱ፤ በመጀመሪያው የ«ሀ» ቤተሰብን 21 ምትክ አንዱን በአንዱ ውስጥ እየሰካችሁ ጻፉ፤ በሁለተኛው የ«ሰ»ን 8፣ በሦስተኛው የ«አ»ን 8፣ በአራተኛው የ«ጸ»ን 7። እያንዳንዱ ዓምድ ከበፊቱ ዓምድ ያነባል። ስሕተት ሲፈጠር የትኛው ዓምድ ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ይህን ገጽ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት ለሚቀጥለው ጥናትም ያገለግላችኋል።

ለሙከራ በአንድ ሕዋስ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ»፣ በሦስተኛው «ፀሃይ» ጻፉና በቀመሮቹ አሳልፏቸው። ሦስቱም «ጸሀይ» ሆነው ካልወጡ ወደፊት አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ቃላቱን በትኑ፣ ባለቤታቸውን ግን አትጣሉ

የተናጋሪው መለያ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር መቆየት አለበት። ያለዚያ 50 ጊዜ የተባለ ቃል በ50 ሰው ይሁን በአንድ ነገረኛ ሰው እንደተባለ አታውቁም።

1. ሠንጠረዡን ምረጡና «ዳታ» ከሚለው ሥር «ፍሮም ቴብል» የሚለውን ንኩ። ፓወር ኩዌሪ የሚባለው የኤክሴል መረጃ ማሰናጃ መስኮት ይከፈታል።
2. የተስተካከለውን የመልስ ዓምድ ምረጡ።
3. «ስፕሊት ኮለም»፣ ከዚያ «ባይ ዴሊሚተር» በሉና ባዶ ቦታን ምረጡ።
4. «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱና «ሮውስ» የሚለውን ምረጡ። ይህን ከዘለላችሁ ቃላቱ ወደ ጎን ይበተናሉ፤ ለመቁጠር አይመቹም።
5. «ክሎዝ ኤንድ ሎድ» በሉ።

አሁን በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቃል አለ፤ በጎኑም መለያውና ወረዳው። ከዚህ ላይ «ፒቮት ቴብል» (ቆጥሮ የሚያጠቃልል ሠንጠረዥ) ሥሩና ቃሉን በረድፍ፣ ቁጥሩን በድምር አስቀምጡ።

ኤክሴላችሁ የቆየ ከሆነ፦ የአንዱን ወረዳ መልሶች ብቻ ወደ ዎርድ ቅዱ፤ ባዶ ቦታውን ሁሉ በአንቀጽ ምልክት ተኩ፤ መልሳችሁ ወደ ኤክሴል ለጥፉና በጎኑ የወረዳውን ስም ሙሉ። የሰውን መለያ ታጣላችሁ፤ ወረዳውን ግን ታተርፋላችሁ።

ማረጋገጫ፦ ከመበተን በፊት በእያንዳንዱ መልስ ውስጥ ያለውን የቃል ብዛት አስሉ። የጽሑፉን ርዝመት ውሰዱ፤ ባዶ ቦታ ከወጣለት በኋላ ያለውን ርዝመት ቀንሱበት፤ አንድ ጨምሩ። ድምሩ ከተበተኑት ረድፎች ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት።

ደረጃ 7፦ ቅጥያዎችን በሕግ ሳይሆን በዝርዝር አውጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ከገብስ»፣ «የገብስ»፣ «ለገብስ»፣ «በገብስ» ሁሉም «ገብስ» ናቸውና አንድ ሰው ተነሥቶ «በመጀመሪያ ያሉትን ከ፣ የ፣ ለ፣ በ ቁረጥ» ይላል። ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ «በልግ» «ልግ» ይሆናል፣ «በሬ» «ሬ» ይሆናል፣ «ከብት» «ብት» ይሆናል፣ «በረዶ» «ረዶ» ሆኖ ይቀልጣል። የከሰም ወንዝ «ሰም» ይሆናል፤ ለሚ ከተማ «ሚ» ብቻ ትቀራለች፤ እነዋሪን ደግሞ «እነ»ን እናውጣ ያለ ሰው «ዋሪ» አድርጓት አገኘሁ።

በመጨረሻውም በኩል ነገሩ ከዚህ አይሻልም። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቅጥያ ሲጨመር የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ውርጭ» ላይ «ኡ» ሲጨመር «ውርጩ» ይሆናል፤ «ጭ» እና «ጩ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ባዕዳን ናቸው። «ውርጭ»ን ብቻ የፈለገ ሰው «ውርጩ ገብሱን ፈጀብን» ያሉትን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ ግን አይወድቅም።

1. በፒቮቱ ላይ ያሉትን የተለያዩ ቃላት በሙሉ ወደ አዲስ ገጽ ቅዱ።
2. ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጡትን ለዩ። ለእነርሱ በጎን «ዋና ቃል» የሚል ዓምድ ክፈቱና በእጃችሁ ሙሉ፦ ከገብስ → ገብስ፣ ገብሳችን → ገብስ፣ በልግ → በልግ፣ በበልግ → በልግ።
3. ከሦስት በታች የመጡትን ደግሞ ለጥናታችሁ ዋና በሆኑት ቃላት ብቻ ፈትሹ።
4. ወደ ትልቁ ዝርዝር ተመለሱና «ቪሉክአፕ» በሚባለው ቀመር ዋናውን ቃል አምጡ። በመጨረሻው ቦታ ላይ 0 መጻፍ አትርሱ። ከረሳችሁ ቀመሩ ትክክለኛውን ሲያጣ ቅርብ የመሰለውን ያመጣል፤ ስሕተት መሆኑንም አይናገርም።

«ውርጭ»ንና «አመዳይ»ን አንድ ላይ ትደምራላችሁ? ይህን ኮምፒውተሩም እኔም ልንወስንላችሁ አንችልም። አንዱ ተናጋሪ ሁለቱን ለአንድ ነገር ይላቸዋል፤ ሌላው ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረውን ለይቶ አመዳይ ይለዋል። «ቁር» ደግሞ ሰውንም የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ሊሆን ይችላል። የተናገሩትን ሰዎች ጠይቁ። መጠየቅ ካልቻላችሁ ለየብቻ አስቀምጧቸው፤ የተለያዩትን ኋላ መደመር ይቻላል፤ የተደመሩትን መለየት ግን አይቻልም።

ደረጃ 8፦ ቁጠሩ፤ ሰውንም ቃልንም

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው ስንት ሰው ተናገረው የሚለው ነው። በፒቮቱ ላይ መለያውን በረድፍ፣ ዋናውን ቃል በዓምድ አድርጉና ባዶ ያልሆኑትን ቁጠሩ። «ውርጭ» ያሉትን ለብቻ፣ «ውርጩ» ያሉትን ለብቻ ቆጥራችሁ አትደምሩ፤ ሁለቱንም ያለ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው ከሺህ ቃል ስንት ጊዜ የሚለው ነው። ለምሳሌ ከመንዝ ማማ የሰበሰባችሁት 12,000 ቃል ሆኖ «ውርጭ» 60 ጊዜ ቢመጣ፣ ከባሶና ወራና ደግሞ 4,000 ቃል ሆኖ 40 ጊዜ ቢመጣ፣ 60 ከ40 ስለሚበልጥ መንዝ ማማ ይብሳል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ከሺህ 5፣ ሁለተኛው ከሺህ 10 ነው።

በሕዋስ ውስጥ «ይገኛል ወይ» እያሉ መፈለግ ለረጃጅም ቃላት ይሠራል፤ ለአጫጭሮቹ ግን አትሞክሩት። «በግ»ን ብትፈልጉ «በግንቦት»፣ «በግድ» እና «በግልጽ» ሁሉ በግ ሆነው ይመጣሉ። «ገብስ»ን ብትፈልጉም «ገብስማ» ዶሮ ትገባለች። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ የተበተነውን ዝርዝር ብቻ ተጠቀሙ።

«ነው»፣ «እና»፣ «ግን»፣ «ላይ» ከላይ ተሰልፈው ስታዩ ለብቻ አውጧቸው። «የለም»ን፣ «አይደለም»ን እና «ያለ»ን ግን እንዳትነኩ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ደረጃ 9፦ አሁን አንብቡ

ቁጥሩ እጃችሁ ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስላል። «ውርጭ አልነካንም» ያሉት አባትም፣ «ዘንድሮስ እግዜር ይመስገን ውርጭ የለም» ያሉት እናትም በውርጭ ተጎጂዎች ቁጥር ውስጥ ተቀምጠዋል።

1. ዋናው ቃል ያለበትን እያንዳንዱን ረድፍ ለዩ። ከ200 በላይ ከሆነ በጎን «ራንድ» በሚለው ቀመር የዕጣ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሮቹን እንደ ቋሚ እሴት መልሳችሁ ለጥፉ፤ ያለዚያ በነካችሁት ቁጥር ይቀያየራሉ። ከዚያ ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን 100 ውሰዱ።
2. ሙሉውን መልስ እያነበባችሁ ከሦስት አንዱን ምልክት ስጡ፦ «ደርሶበታል»፣ «አልደረሰበትም»፣ «ሌላ»። ተረትና ምሳሌ፣ የጎረቤት ወሬና ምኞት «ሌላ» ውስጥ ይግባ።
3. ከእነዚህ 50ዎቹን ሌላ ሰው የእናንተን ምልክት ሳያይ ይሙላ። ያልተስማማችሁበትን ረድፍ አንድ ላይ አንብቡና የምልክቱን ፍቺ በደብተራችሁ አጥብቃችሁ ጻፉ። ከዚያ ሁሉንም በአዲሱ ፍቺ እንደገና ሙሉ።

መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይታይምና «ገና» ባለበት ሁሉ ቆም በሉ። «ገና ሳያፈራ መታው» እና «ለገና ሰሞን መታው» የተለያየ ነገር ነው፤ የውርጩ ወር የሚታወቀው በሁለተኛው ነው። «በገና» ያለ ደግሞ መሣሪያውን ሊሆን ይችላል። «አለ»ም እንዲሁ ነው፤ ሰው ተናገረ ወይስ ነገሩ ይገኛል?

ደረጃ 10፦ አስቀምጡ

ዋናውን በኤክሴል ቅርጽ አስቀምጡ። ለሌላ ፕሮግራም «ሲ ኤስ ቪ» የሚባለው ካስፈለገ ከዝርዝሩ ውስጥ «ዩ ቲ ኤፍ 8» የተባለውን ምረጡ። ተራውን ከመረጣችሁ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ደብተራችሁንም ፎቶ አንሥታችሁ አብራችሁ አኑሩ፦ የቦታ ስሞች ዝርዝር፣ የ44ቱ ምትኮች፣ የዋና ቃላት ዝርዝር፣ የምልክቶቹ ፍቺ።

ሲበላሽ

«ኅዳር»ን ስፈልግ ዜሮ አመጣ። በተስተካከለው ዓምድ ውስጥ «ኅ» የለም፤ «ህዳር» ብላችሁ ፈልጉ። የፍለጋው ቃልና የቦታ ስሞቹም በእነዚያው ቀመሮች ማለፍ አለባቸው። «ደብረ_ብርሃን»ም አሁን «ደብረ_ብርሀን» ሆኗል።

ፋይሉ ሲከፈት በጥያቄ ምልክት ተሞላ። ከዚህ ፋይል ምንም አይገኝም፤ ወደ ጥሬው ተመለሱ። የተሞላው ጭራና ነጥብ ባላቸው እንግዳ የላቲን ፊደላት ከሆነ ግን አልጠፋም። ሳታስቀምጡ ዝጉት፤ ከ«ዳታ» ሥር «ፍሮም ቴክስት» ብላችሁ «ዩ ቲ ኤፍ 8»ን መርጣችሁ ክፈቱት።

ዓይን አንድ የሚላቸው ሁለት ቃላት በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። በቀመር ርዝመታቸውን ለኩ። አንዱ በአንድ ፊደል ከበለጠ የማይታይ ባዶ ቦታ ተለጥፎበታል፤ ከዎርድ ወይም ከስልክ የተቀዳ ጽሑፍ ላይ ይበዛል፤ «ትሪም»ም አያወጣውም። ያንን ባዶ ቦታ ከሕዋሱ ላይ ቅዱና በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» በተራው ባዶ ቦታ ተኩት። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ «ዩኒኮድ» በሚለው ቀመር የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር አስወጡ፤ ከ44ቱ አንዱን ዘላችኋል።

በተበተነው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቃላት በአንድ ረድፍ ተጣብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በመልሱ ውስጥ «ኢንተር» ተመትቶ አዲስ መስመር የተጀመረበት ቦታ ነው። የመስመሩ መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ አንድ ቃል ሆነው ተጣብቀዋል። በ«ፋይንድ» ሳጥን ውስጥ ኮንትሮልንና «ጄ»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ሳጥኑ ባዶ ይመስላል፤ ተጽፏል። በባዶ ቦታ ተኩና ከደረጃ 6 መጀመሪያ እንደገና በትኑ።